እሁድ የሚያርፈው ሜዳ

ኳሷ የኮሪደሩን ምንጣፍ ይዛ ተንከባለለች። የመታጠቢያ ቤቱን በር አልፋ፣ በጎኑ የተጋደመው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ኪል ብላ ገባች።

«ገባች!» አለ አባትየው፣ አጭሯን የጎልፍ ዱላ ሽቅብ ብድግ አድርጎ። «አያችሁልኝ? በዚህ ቤት የሚያጨበጭብ ሰው ጠፋ?»

ጠፋ። እናትየው ሳሎን ውስጥ የሚታጠፍ ልብስ ከምራ የራሷን ሥራ ይዛለች። ትንሹ ልጅ ብርጭቆው አጠገብ እግሩን ገጥሞ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። እሱ የጉድጓዱ ባንዲራ ነው። ባንዲራ አይናገርም ተብሎ በደንብ ተነግሮታል። ግን ይህ ልጅ በቀን ከሚያወራው ግማሹ «ለምን» ስለሆነ የቤት ስሙ ራሱ «ለምኔ» ሆኖ ቀርቷል። እሱን ዝም በል ማለት አትተንፍስ ማለት ነው።

«አባዬ፣ ለምን ብርጭቆው አይሰበርም?»

«ቢሰበርስ? መስታወት ቆራጭ ቤት ብርጭቆ ተሰበረ ብሎ የሚደነግጥ አለ?»

እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ የመታት ኳስ አጥር ዘላ የሰው መስኮት ስትሰብር፣ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ራሱ ለካ፣ ራሱ ቆርጦ ገጠመ። የቤቱ ባለቤት ዛሬ ቋሚ ደንበኛው ናቸው።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ከፍታ የተቀመጠችው ትልቋ ልጅ ግን ሳቋ አልመጣም። ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ተተክሏል። ደግማ አነበበችው። ሦስተኛም አነበበችው። ያው ነው።

«እሁድ ሜዳው ያርፋል። እሁድ ጨዋታ የለም።»

ክው አለች። ከሥር ስለ ልጆችና ስለ ውሾች የተጻፈ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን የምታነብበት ዓይን አልቀራትም።

«ሚኒስትሯ!» አለ አባቷ ከኮሪደሩ። «ምነው ዝም አልሽ? የውጭ ጉዳይ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው» አለችና ኮምፒውተሩን ከደነችው።

ሚኒስትርነቱን የሾማት እሱ ነው። ታናሽ እህቱ ውጭ አገር ልታገባ ስትወስንና መላው ቤተሰብ ለሠርጉ ሲጠራ፣ ቅጽ የመሙላት ትዕግሥት ያለው ሰው በቤቱ ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው እሷ ጋ ብቻ ነበር። የቪዛውን ቀጠሮ የያዘችው እሷ፣ የባቡሩን ሰዓት ያጠናችው እሷ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይበርራሉ፣ ዓርብ የሠርግ ሽር ጉድ ነው፣ ቅዳሜ ሠርጉ፣ ሰኞ መመለስ። እሁድ ደግሞ የአባቷ ናት።

ምክንያቱም ከአክስቷ ከተማ በባቡር ተሄዶ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ የጎልፍ ሜዳ አለ። የዓለም ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱበት፣ ጎልፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት ሜዳ። አባቷ በቴሌቪዥን ሲከታተለው ስንት ዘመኑ! የትኛው ጉድጓድ ላይ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳይቀር ይነግራችኋል፣ ሳትጠይቁት። የመጨረሻው ጉድጓድ አጠገብ ያለው የድንጋይ ግንብ ፎቶ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። እዚያ የሚጫወት እንግዳ ስሙን አስቀድሞ ለዕጣ ይሰጣል፤ ዕጣው የሚወጣው የጨዋታው ቀን ሲቃረብ ስለሆነ ሚኒስትሯ ይህችን ሥራ ለመጨረሻ አቆይታት ነበር። መቼ እንደሚሻል አባቷ ሲጠይቃት ግን ዓይኗን ሳታሽ «እሁድ ነዋ!» ብላ ነበር። እዚህ ጎልፍ የሚጫወተው እሁድ አይደል? እሱም ፈገግ ብሎ «እሁድ ይሁን» አለ። የዱላ ቦርሳውን ክብደት አየር መንገዱን ልጠይቅ ስትለው እንኳ «ቦርሳውን ተይው፣ እሱ አያስጨንቅሽ» አላት። እንዲህ አምኗት! አሁን ምን ብላ ልትነግረው ነው?

በማግስቱ ከልምምድ በኋላ ነገሩን ለጓደኛዋ አወራችላት። ሁለቱም በትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ናቸው፤ ሚኒስትሯ ኳሱን ለመቺዎቹ ታነሳለች፣ ጓደኛዋ ደግሞ ትመታለች፣ እየመታችም ታወራለች። «ሬዲዮ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

«ኧረ አታካብጂ!» አለች ሬዲዮ የጉልበት መከላከያዋን እያወለቀች። «በቃ ዝም በይው። እሁድ እዚያ ሲደርስ ራሱ ዝግ መሆኑን ያያል። አንቺም አብረሽ መደንገጥ ነው። ‹ውይ! ዝግ ነው እንዴ?› ትያለሽ። አለቀ።»

«ፊቱን እያየሁ?»

«ፊቱን አትዪው። ሜዳውን እዪ።»

ሚኒስትሯ ሳትፈልግ ሳቀች። ሬዲዮ አንድ ጥሩ ጸባይ አላት፤ ምክሯ የማይረባ ሲሆን ራሷም ታውቀዋለች።

«ቆይ፣ ሌላ ቀን አይሆንም?» አለች ሬዲዮ ጥቂት አስባ።

«ሰኞ እንመለሳለን። ማክሰኞ ፍጻሜው ነው።»

«አዎ፣ ፍጻሜው!» ሬዲዮ ደረቷን ያዘች። «ስሚ፣ እኔ ካንቺ በቀር በሌላ ሰው ኳስ አልመታም። ይሄን ከአሁኑ እወቂው። አባትሽን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ማክሰኞ ካልተገኘሽ እገድልሻለሁ።»

ይህ ፍጻሜ እንዲህ በዋዛ የመጣ አይደለም። ቡድናቸው ባለፈው ዓመት ከመጀመሪያው ዙር ተሰናብቶ የሰፈር መሳቂያ ሆኖ ነበር። ሚኒስትሯ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ኳስ ስታነሳ፣ ጣቷ ሲያብጥ፣ እናቷ በፎጣ ስትጠቀልልላት ነው የከረመችው።

ቅዳሜ ወደ አክስቷ ደወለች። አክስትየው ፀጉሯን በጥቅል መቆንጠጫ ሞልታ ስልኩ ላይ ብቅ አለች።

«የኔ ሚኒስትር! እንዳትስቂ፣ ሙከራ ላይ ነኝ።»

«አክስቴ፣ ቲኬታችን ሊራዘም ይችላል?»

«ይችላላ። እስከ ሐሙስ ማድረግ ይቻላል። ግን የአራታችሁም አንድ ላይ ስለተቆረጠ ከተራዘመ የሁላችሁም ነው። እስከ ሰኞ ማታ ንገሪኝ።» ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ወንድም ጋሼን አነጋግረሽዋል?»

«ገና ነው።»

«እህ...» አለች አክስቷ፤ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ የተወችው ትመስላለች። «እንግዲያው አንቺው አነጋግሪው፣ የኔ ቆንጆ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሚኒስትሯ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች። አሁን ሁለቱም ነገር በእጇ ነው። እስከ ሐሙስ ቢቆዩ አባቷ በሰኞው፣ በማክሰኞው፣ በረቡዑም ዕጣ ስሙን ያስገባል፤ አንዱ መቼም አይጠፋውም። ያኔ እሷ ፍጻሜው ላይ የለችም። ወይም ዝም ትላለች፤ ማክሰኞ ትጫወታለች፣ እሱም የዕድሜ ልክ ምኞቱን በር ላይ ቆሞ አይቶት ይመለሳል። ስለ ሐሙሱ ከእሷና ከአክስቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ባትናገር ማንም አይጠይቃትም። ይሄ ነገር ነው ያስጠላት።

እሁድ እንደ ወትሮው ሁሉም የአባቷ ክለብ ሄዱ። ክለብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ዳር ያለ ሜዳ ነው፤ ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ሣር ሊሆን የሚያስብ። ዙሪያውን የሽቦ አጥር አለው፣ በሩ ላይ «ከዚህ ወዲያ ተጫዋች ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። እናቷ አጥሩ ሥር ታጣፊ ወንበሯን ዘረጋች። ሰማያዊ ሸራ ያላት፣ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረች ወንበር ናት። እናቷ ሳምንቱን የተማሪ የደንብ ልብስ ስትሰፋ ትከርማለች፤ እሁድ ግን መርፌ አትነካም። እዚህች ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

ከሰዓታት በኋላ አባቷ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። ሰባተኛው ጉድጓድ አጥሩን ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። እናቷ የውሃውን ጠርሙስ በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ሰጠችው።

«ዛሬ አልሆነልህም» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ትከሻህ።»

«ትከሻዬ ምን አጠፋ? ጥፋተኛው ዱላው ነው» አለና ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ጠርሙሱን መልሶ ወደ ዛፎቹ ገባ። እናቷ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«እማዬ፣ አይሰለችሽም?» አለች ሚኒስትሯ።

«ምኑ?»

«አጥር ጥግ መቀመጡ።»

«ኧረ ምን ሆኜ! ንጹሕ አየር አገኛለሁ፣ የሚነዘንዘኝ ማሽን የለ።» ለምኔ ያን ጊዜ «ለምን ማሽን ይነዘንዛል?» ሲል ጠየቀ። እናቷ ወደ ዛፎቹ በአገጯ እያመለከተች፣ «አንዳንዴ ግን ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ማየት ያምረኛል። ሁልጊዜ እዚያች ጋ ይገባና ጥፍት ይላል። ዘንድሮም ምን እንዳለ አላወቅሁትም» አለች። ከዚያ ራሷ ሳቀችበት። «እንጃ፣ ሣር ነው የሚሆነው። ይልቅ ይህችን ወንበር ሻንጣ ውስጥ ቦታ ያዥላት። እዚያም አጥር አይጠፋ።»

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት መሄዱን ትታ በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ አመራች። ወስናለች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስትደጋግም መጣች።

አባቷ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ባለው ለስላሳ ጨርቅ አንድ ሰፊ መስታወት አጋድሟል። ማስመሪያውን አስደግፎ መቁረጫውን እየሳበ ነበር። በዚህ ቤተሰብ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ መቁረጫው መስታወት ላይ እያለ አይወራም። ለምኔ እንኳ ያከብራታል። በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። መቁረጫው ሲር... እያለ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አባቷ መስታወቱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳብ አድርጎ በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ጫን ሲለው፣ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

«አሁን ተናገሪ» አለ ሳይዞር። «ጫማሽ ገና ከሩቅ ነው ነገር እንዳለሽ የነገረኝ።»

ያን ሁሉ የተለማመደችው ንግግር ድራሹ ጠፋ።

«አባዬ፣ እሁድ ሜዳው ዝግ ነው። ጨዋታ የለም። ሳላጣራ እሁድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ግን ቲኬቱ እስከ ሐሙስ ይራዘማል፣ አክስቴን ጠይቄያታለሁ። ሦስት ቀን ዕጣ ታስገባለህ። እስከ ዛሬ ማታ ነው ማሳወቅ ያለብን። የማክሰኞውን ደግሞ... ሌላ ልጅ አለች፣ ኳስ ማንሳት ትችላለች። ለአሰልጣኛችን ነገ እነግራቸዋለሁ።» የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ከዳት።

አባቷ የእጅ ጓንቱን አወለቀ። አልደነገጠም። እንዲያውም ከንፈሩ ዳር ላይ የሆነ ነገር ይታያል።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እሺ። ያን ሜዳ እናትሽን ሳላገባ ጀምሮ ነው የማውቀው። እሁድ እንደሚያርፍ የማላውቅ ይመስልሻል? የጋብቻችንን ቀን ልረሳ እችላለሁ፣ እሱን አልረሳም። ይህችን ግን ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«ታውቅ ነበር? ታዲያ እሁድ ስልህ ለምን እሺ አልከኝ?»

«ከአፌ ነጠቅሽኛ! ለመጫወት ነው እንጂ ለመግባት ማን ከለከለ? እሁድ እሁድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይንሸራሸርበታል። ልጆች ይሯሯጡበታል፣ ሽማግሌው ውሻውን ይዞ ይሄድበታል። ያ ታላላቆቹ የሚጨነቁበት ሣር በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ ግንቡ ድረስ።» እጁን ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ዘረጋ። «በሌላ ቀን ብጫወት እኔ እገባለሁ። እናትሽስ የት ትሆናለች?»

ለመመለስ ማሰብ አላስፈለጋትም። «አጥር ጋ።»

«አጥር ጋ። ያቺን ወንበሯን ይዛ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ ሄዳ ሌላ አጥር ላሳያት?»

ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ሚኒስትሯ ወደ ፎቶው ቀና አለች።

«ግን መጫወቱስ? አይቆጭህም?»

«ይቆጨኛል እንጂ! እንዴት አይቆጨኝም?» አለ አባቷ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በሕልሜ ስመታ የማድር ሰውዬ! አክስትሽ ስለ ሐሙሱ እኔንም ነግራኛለች እኮ፣ ካንቺ በፊት። ያን ዕለት ሥራ አልሠራሁም፤ አንዱን መስታወት ሁለት ጊዜ አበላሸሁት። ኋላ ደውዬ አይሆንም አልኳት። ማክሰኞ ቀጠሮ አለብኝ አልኳት።»

«የምን ቀጠሮ?»

አባቷ ‹ይህች ልጅ ደህና ናት?› በሚል ዓይን አያት።

«መረብ ኳስ ነዋ!»

ያኔ እንባዋ መጣ። ልትመልሰው ሞከረች፣ አልተመለሰም። አባቷ ትከሻዋን ይዞ ወደ ራሱ አስጠጋት፤ ሸሚዙ የመስታወት ማጽጃ ይሸታል።

«ወዲህ ነይ፣ እዚያ መስታወቱ ላይ አታንጠባጥቢብኝ፣ አሁን ነው የወለወልኩት» አላት። «ደግሞስ ዕጣው የሚወጣልኝ ማን አለሽ? እናትሽን ካገኘሁ ወዲህ ዕድሌን ጨርሻለሁ።»

እያለቀሰች ሳቀች። አባቷም ሳቀ፤ ከዚያ ጣቱን ቀሰረባት። «ሌባ ጣቴን እያየሽ ስሚኝ። ለእናትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ! በሩ ጋ ደርሳ ‹ግቢ› ስላት ፊቷን ማየት አለብኝ። ለለምኔ ደግሞ ጭራሽ። እሱ ካወቀ ሰፈሩ ሁሉ ሳይመሽ ያውቃል።»

ማታ ኮምፒውተሯን ከፍታ ያን ገጽ ወደ ታች ሳበችው። ቀደም ሲል የዘለለችው እዚያው ነበር፣ ልጆቹም ውሾቹም። እንዲህ ተጽፎላት ሳታነብ አራት ቀን ሙሉ መንገብገቧ አናደዳት፣ ቀጥሎ አሳቃት። ለአክስቷ «አናራዝምም» ብላ ላከች። አክስቷ ሦስት የሚስቁ ፊቶች መለሰችላት። ለሬዲዮ «ማክሰኞ አለሁ» ብላ ስትልክ ደግሞ መልሱ በአንድ ጊዜ አላለቀም፤ ስልኳ እየደጋገመ ሲጮህ ቆየ።

እናቷ መኝታ ቤት ውስጥ ከሻንጣው ጋር ግብግብ ይዛለች። የሠርጉ ልብስ፣ ለሙሽራዋ የሰፋችው ቀሚስ፣ የለምኔ ሙሉ ልብስ ገብተው ሻንጣው አፉን ሊገጥም አልቻለም።

«ነይ እስቲ እርጂኝ። ወይ ወንበሯ ወይ ይሄ ጫማ መቅረት አለበት» አለች። ጠፍጣፋውን የስፖርት ጫማዋን አንስታ አየችውና አልጋው ላይ ወረወረችው። «ይቅር። ተቀምጬ ለምውለው ጫማ ምን ያደርግልኛል?» ወንበሯን አጥፋ ከሠርጉ ልብስ ጎን ሸጎጠቻት። ያን ጊዜ ለምኔ ከኩሽና «እማዬ፣ ለምን ወተት ይገነፍላል?» ብሎ ሲጮህ፣ «ወይኔ ምድጃው!» ብላ ሮጠች።

ሚኒስትሯ ሻንጣው አጠገብ ብቻዋን ቀረች። አባቷ ዝም በይ ነው ያላት፣ ስለ ሻንጣው ያለው ነገር የለም። ወንበሯን ጎትታ አወጣችና አልጋው ሥር፣ ግድግዳውን አስጠግታ አስገባቻት። ጫማውን አንስታ ክሮቹን አጠበቀች፤ ባዶው ቦታ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችው፣ ከላዩ አንድ ሹራብ ጣል አደረገችበት። ሻንጣውን ከድና ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

እናቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች ተመለሰች። «አይ የኔ ጎበዝ! ዘጋሽው? ወንበሬን እንዳላስቀረሽብኝ ብቻ።»

ሚኒስትሯ ዚፑን እስከ መጨረሻው ሳበችው።

«የሚያስፈልግሽ ሁሉ ገብቷል፣ እማዬ።»